የጀሚል ፍየል ያየችው

ወላሂ ብዬ የማልኩት ኅዳር መግቢያ ላይ ነው፤ መሐላዬ የፈረሰው ታኅሣሥ ውስጥ በአንዲት ዓርብ ነው። በመሀል ያለው አንድ ወር ለእኔ ሰላም ነበር፤ ለልጄ ለሪሀና ግን የስድስት ወንድ ጭቅጭቅ።

ነገሩ የማሽላ መውቂያው ነው። ባለቤቴ አብዱሰላም፣ አላህ ይዘንለትና፣ ትቶልን የሄደውን ጥማድ በሬ ሸጠን የገዛነው ማሽን ነው። ደረሰኙ በእኔ ስም፣ ሥራው በሪሀና እጅ። ልጄ ቴክኒክና ሙያ ተምራ ከጨረሰች ጀምሮ ከዚህ ማሽን ሌላ ወሬ የላትም። በአዝመራ ጊዜ ከጨፋ እስከ ሰንበቴ እየዞረች የገበሬውን ማሽላ ትወቃለች።

ማሽኑ ከነሞተሩ አራት ኩንታል ይጠጋል። ከሥሩ አራት ትናንሽ ጎማዎች አሉት፤ ጎማዎቹ ግን አውድማ ላይ ወዲህና ወዲያ ለማለት እንጂ ለአስፋልት አልተሠሩም። ስለዚህ ከከሚሴ በወጣ ቁጥር አንዲት ትንሽ ተሳቢ ላይ ይጫናል፤ ተሳቢዋን ደግሞ ሙስዐብ የሚባል ልጅ በጭነት ባጃጁ ይጎትታል። ማውረዱ ቀላል ነው፤ አውድማ ላይ ሰው አይጠፋም። መጫኑ ነው ጣጣው።

በኅዳር መግቢያ ከገበያ ስመለስ ሪሀና ማሽኑን ብቻዋን ስትጭን ደረስኩ። ሁለት ጣውላ ከተሳቢዋ ጫፍ እስከ መሬት አዘንብላ፣ ማሽኑን ተሳቢዋ ላይ በተገጠመ፣ ካቦ በሚጠቀልል የእጅ ዊንች እየሳበች ግማሽ መንገድ አድርሳዋለች። እሷ ራሷ ከማሽኑ ኋላ ጎንበስ ብላ ከጎማው ሥር እንጨት ትጎስራለች። ቲማቲሙ ከእጄ ወደቀ። እኔ እንዲህ ያለ ነገር ሳይ የሚሆነውን አልጠብቅም፤ ቀድሜ እጨርሰዋለሁ። ማሽኑ ሲንሸራተት፣ ልጄ ከሥሩ ስትቀር፣ ድንኳኑ ሲተከል፣ ለቀስተኛው ሲመጣ፣ ሰሊማ የምትባለው የባለቤቴ እህት «እኔ ብዬሽ አልነበር» ስትለኝ፣ ይህን ሁሉ ቲማቲሙ መሬት ሳይደርስ አየሁት።

ማሽኑ ተሳቢዋ ላይ በሰላም ወጣ። እኔ ግን ማልኩ።

«ወላሂ፣ ከዛሬ ጀምሮ ማንም ሰው ይህን ማሽን ብቻውን ከጫነ በማግስቱ እሸጠዋለሁ።»

ከመንገዱ ማዶ ሱቁ ደጃፍ ላይ አገጩን በመዳፉ ደግፎ የሚያይ አንድ ሰው ነበር፤ እህል ነጋዴው ጀሚል። ማሽኑን ከገዛንበት ቀን ጀምሮ ዓይኑ ከላዩ አልተነሳም።

«ሰምቻለሁ እታለም» አለኝ በትሕትና። «ገዢ አትፈልጊ፤ እኔ አለሁ።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ ማሽኑ በስድስት ወንድ ሆነ። ስድስቱ የሰፈራችን ሰዎች ናቸው፤ ክፉ አይወጣቸውም። ሁለቱ ይገፋሉ። አንዱ «ወደ ግራ» ይላል፣ አንዱ «ወደ ቀኝ» ይላል፣ አንዱ ስልክ ያወራል፣ ስድስተኛው ማሽኑ የየት አገር ሥራ እንደሆነ ለሚያልፈው ሁሉ ያስረዳል። ሲጨርሱ ምሳ አለ፣ ከምሳ በኋላ ጫት አለ፤ የተጠራ ሰው ባዶ አፉን አይሸኝም። አንድ ቀን ማሽኑን ተሳቢዋ ጭራ ላይ ጣል አድርገው እጃቸውን ሲያራግፉ፣ የተሳቢዋ አንገት ወደ ላይ ተነሳ፣ ባጃጇንም ከኋላዋ ብድግ አደረጋት። ሙስዐብ መሪውን እንደያዘ አፍንጫው መስታወቱ ላይ ተለጠፈ።

«አየሽ?» አለችኝ ሪሀና።

«አየሁ። አንቺ ብትሆኚ ኖሮ ብዬ ነው ያየሁት።»

«እኔ ብሆን ከጭራዋ ሥር ሁለት ግንድ አስገባ ነበር።»

በየማታው እራት ላይ ክርክራችን ይኸው ነበር። እሷ ብቻዋን እንዴት እንደምትጭን ታስረዳለች፤ እኔ የሚመጣውን መዓት እጠይቃለሁ።

«ካቦው ቢበጠስስ?»

«ብርድ ልብስ አጥፌ እደርብበታለሁ። ቢበጠስ እንኳ መሬት ይወድቃል እንጂ ሰው አይገርፍም።»

«እጀታውን ስትለቂው ወደ ኋላ ቢንደረደርስ?»

«ዊንቹ ጥርስ አለው። ይነክሳል፤ አይለቅም።»

«ጥርሱ ቢሰበርስ?»

«ለዚያ ነው ከጎማው ኋላ ታኮ የማስገባው።»

«ታኮ ለማስገባት ከኋላው ስትገቢ አይደል የሚጨፈልቅሽ?»

ጉርሻዋን አኝካ ጨረሰች። በማግስቱ ሁለት ሹል እንጨቶች ጠርባ በገመድ ከኋላ ጎማዎቹ ጀርባ አሰረቻቸው። ማሽኑ ወደ ፊት በሄደ ቁጥር ታኮዎቹ ራሳቸው እየተጎተቱ ይከተላሉ፤ ማሽኑ አንድ ጣት ወደ ኋላ ካለ ጎማው ላያቸው ላይ ወጥቶ ይቆማል። ማንም ሰው ከኋላ መግባት አያስፈልገውም። አይቼ ደስ አለኝ፤ አልነገርኳትም።

«መብረቅ ቢመታሽስ?» አልኳት።

«እማ፣ መብረቅ ስድስቱንም ወንዶች ይመታል።»

እንዲህ እንዲህ እያልን ወሩ አለቀ። መሐላው እንደ ጸና፣ ጀሚልም ከማዶ አገጩን እንደ ደገፈ።

በዚያች ዓርብ ሪሀና ጠዋት ወደ ጨፋ ወረደች። ዓዲላ የሚባሉ ባለቤታቸው የሞቱባቸው ሴትዮ ማሽላቸውን አውድማ ላይ ዘርግተው ይጠብቃሉ፤ ሪሀና ቦታውን ልታስተካክል ቀድማ ሄደች፣ ማሽኑ ከጁምዓ ሶላት በኋላ በስድስቱ ወንዶች ተጭኖ ሊከተላት። ሙስዐብ ባጃጇን ከነተሳቢዋ የግቢያችን በር ላይ አቁሞ፣ ቁልፉን ኪሱ ከትቶ፣ ወደ መስጊድ ሄደ። ጀሚል ሱቁን ዘግቶ ሄደ። ስድስቱም ሄዱ። መንገዱ ላይ አንድ ባጃጅ እንኳ አይታይም ነበር።

ስድስት ሰዓት ከሩብ ላይ ስልኬ ጮኸ።

«እማ፣ ደመና እየመጣ ነው» አለች ሪሀና።

«በታኅሣሥ?»

«በታኅሣሥ። ከምዕራብ በኩል ጥቁር ሆኗል። ማሽላው በሙሉ አውድማ ላይ ነው።» ከኋላዋ የዓዲላ ድምፅ ይሰማኛል፤ «ሮብኒ ዱፋ ጅራ» ይላሉ፣ ዝናቡ እየመጣ ነው፣ ደጋግመው፣ ለማንም ሳይሆን።

«ሰዎቹ ከጁምዓ ሲወጡ እነግራቸዋለሁ» አልኩ።

«ከጁምዓ ወጥተው፣ ምሳ በልተው፣ ጫታቸውን ገዝተው እስኪመጡ ዘጠኝ ሰዓት ነው። ሙስዐብ ደግሞ ከሶላት ስመለስ ካልተጫነ ሌላ ሥራ አለኝ ብሏል። እማ፣ አሁን በባጃጅ ልምጣና እኔው ልጫነው። ሃያ ደቂቃ ነው።»

«ብቻሽን?»

«ብቻዬን።»

«ማሽኑ ነገ ይሸጥ?»

«ይሸጥ» አለች። «የእማማ ዓዲላ የዓመት እህል ከሚበሰብስ ይሸጥ።»

ድምፅዋ ውስጥ እንባ ነበረ፤ እኔ ግን እንባውን ትቼ ባጃጁን ነበር የማየው። ባጃጁ ሲበር፣ ድልድዩ ላይ ከከባድ መኪና ጋር ሲገናኝ፤ ቢተርፍም እሷ ደርሳ፣ ደክሟት፣ ቸኩላ፣ ግንዱን ሳታስገባ፣ ብርድ ልብሱን ሳትደርብ፣ እግሯ ከጎማው ሥር።

«አትምጪ» አልኳት። «የሚጭን ሰው አለ።»

«ማን?»

«ሰው ነው። አንቺ አውድማሽን ጠብቂ።» ዘጋሁባት።

አልዋሸሁም። በዓርብ ቀን አልዋሽም። እኔም ሰው ነኝ።

ችግሩ መሐላው ነው። «ሪሀና ከጫነች» ብዬ ቢሆን ኖሮ ነፃ ነበርኩ። እኔ ግን ስፈራ ምንም ቀዳዳ አልተውም፤ «ማንም ሰው» ብያለሁ። ያን ቀን ልጄን ላጥር ብዬ ራሴንም አብሬ አጥሬያለሁ። ቢሆንም ማሽኑ ቢሸጥ ለልጄ ሌላ ይገዛላታል፤ እግር ግን አይገዛም ብዬ ነጠላዬን ወገቤ ላይ አጠበቅኩ።

መጀመሪያ ድንጋይ። ባጃጇ ሦስት ጎማ አላት፣ ተሳቢዋ ሁለት። ሪሀና ለተሳቢዋ ሁለት ድንጋይ ይበቃል ትላለች። እኔ ለእያንዳንዱ ጎማ ከፊትና ከኋላ፣ አሥር ድንጋይ ደረደርኩ። የባጃጇን ፍሬን ሦስት ጊዜ ስቤ አየሁት። ከዚያ ሁለቱን ግንዶች ከተሳቢዋ ጭራ ሥር አቆምኩ። ግንዶቹ ቢፈነቀሉስ ብዬ ወደ ኩሽና ገብቼ ሙቀጫውን አመጣሁና በመሀላቸው ገልብጬ አስቀመጥኩ። ጣውላዎቹን አጋደምኩ። በማሽኑ ጎማዎች መሀል ያለውን ስፋት በገመድ ለካሁ፣ በጣውላዎቹ መሀል ያለውን ለካሁ፣ ልክ ነበር፤ እንደገና ለካሁ።

ዊንቹ ተሳቢዋ ፊት ላይ በብሎን የታሰረ ነው፤ እንደ ጉድጓድ ውሃ መቅጃ እጀታ አለው። ካቦውን ስቤ ግቢው ውስጥ ቆርቆሮው ሥር እስከ ቆመው ማሽን አደረስኩት፤ መንጠቆውን አስገባሁ። ብርድ ልብሱን ደረብኩበት። አንድ ብርድ ልብስ ቢበቃስ ባይበቃስ? ሁለተኛ ጨመርኩ። ቢስሚላህ ብዬ እጀታውን ያዝኩ።

እኔ አራት ኩንታል አልጎተትኩም፤ ማንም እንዳይሳሳት። ዊንቹ ነው የጎተተው። እኔ እጀታውን ብቻ ነው ያዞርኩት። ቀጭ፣ ቀጭ፣ ቀጭ። ማሽኑ ከቆርቆሮው ሥር ወጣ። ግቢውን እንደ ሽማግሌ ቀስ ብሎ አቋረጠ፤ ታኮዎቹም እንደ ሁለት ውሾች ከኋላው ተከተሉት። ጣውላው ሥር ሲደርስ ቆሜ ተነፈስኩ። የፊት ጎማዎቹ ጣውላው ላይ ወጡ። ቀጭ። የኋላዎቹም ወጡ። ቀጭ። አሁን አራት ኩንታል ብረት አየር ላይ ነው ማለት ይቻላል። እኔ ከጎን ነኝ፣ ልጄ እንዳለችው፤ ከፊት አይደለሁም፣ ከኋላ አይደለሁም።

በዚህ ጊዜ የጀሚል ፍየል መጣች።

ጥቁር ናት፣ አንድ ቀንዷ የተሰበረ። ማሽኑ ውስጥ ካለፈው ሥራ የቀረ የማሽላ ራስ አለ፤ ፍየል ይሸታታል። በተከፈተው በር ገብታ፣ በጣውላዎቹ መሀል አልፋ፣ በቀጥታ ከማሽኑ ሥር ቆመችና አንገቷን ወደ ላይ ሰግጋ መልቀም ጀመረች።

«ሽ» አልኳት።

አየችኝ። ማኘኳን አላቆመችም።

ብትጨፈለቅ ማሽኑ ሄዶ፣ ፍየል ተከፍሎ፣ ጀሚል ደግሞ የፍየሉን ነገር እስከ ዕለተ ሞቴ ሲያወራው ታየኝ። ዊንቹ ይነክሳል ብላኛለች። ታኮዎቹ ከኋላ አሉ። እጀታውን ለመልቀቅ ግን ጣቶቼ እምቢ አሉ፤ አንድ በአንድ ነው ያስለቀቅኳቸው። መጨረሻዋን ጣት ሳነሳ ማሽኑ ንቅንቅ አላለም። ከማሽኑ ኋላ እንዳልገባ በዙሪያ ሄጄ፣ ከኩሽና ቁራሽ እንጀራ አምጥቼ ከሩቅ አሳየኋት። ፍየሏ በእንጀራውና በማሽላው መሀል ጥቂት አሰበችና እንጀራውን መረጠች። በገመድ ከዘይቱን ዛፉ ጋር አሰርኳትና ተመለስኩ።

ቀጭ፣ ቀጭ። የኋላ ጎማዎቹ ተሳቢዋ ላይ ሲወጡ ብረቱ አንድ ጊዜ «ጓ» አለ፤ እኔም በውስጤ አልኩ። ሞተሩ ከባዱ ክፍል ነው፤ ከተሳቢዋ ጎማ ትንሽ ወደ ፊት ማለፍ አለበት፣ አንድ ስንዝር፣ ሪሀና በሹካ ሳህን ላይ እየሳለች ስንት ማታ አሳይታኛለች። አንድ ስንዝር አሳለፍኩት። አራቱንም ማዕዘን በገመድ አሰርኩ። ግንዶቹን፣ ጣውላዎቹን፣ ድንጋዮቹን በጥድፊያ አነሳሁ፤ ከመስጊዱ የሶላቱ መዝጊያ ሰላምታ ሲሰማ ግንዶቹን ተሳቢዋ ላይ ወርውሬ በሩ ላይ ቆሜያለሁ፣ ነጠላዬን አስተካክዬ፣ ምንም እንዳልሠራ ሰው።

መጀመሪያ የመጣው ሙስዐብ ነው። ማሽኑን አየ፣ ግቢውን አየ፣ እኔን አየ።

«እናቴ፣ ማን ጫነው?»

«ተጭኗል አይደል?»

«ተጭኗል።»

«ደመናውን አላየህም? ሂዳ ልጄ። ቀስ ብለህ ግን። ድልድዩ ላይ ቀስ በል። አስፋልቱ ላይም ቀስ በል።»

ሄደ። ብዙ ሳይቆይ ጀሚል መጣ። የጁምዓ ነጭ ልብሱን እንደለበሰ ነው፤ ፍየሏን ፍለጋ።

«አሰላሙ ዓለይኩም እታለም።»

«ወዓለይኩም ሰላም። ፍየልህ ያችውና።»

ወደ ዛፉ አልሄደም። «ማሽኑ ሲያልፍ አየሁት። ማሻአላህ፣ ቶሎ ተጫነ። ስድስቱ ጫኑት?»

«የሚበቃ ሰው ነበር።»

«ስድስቱ እኮ ከእኔ ጋር መስጊድ ነበሩ። ሁለተኛው ሰልፍ ላይ ሦስት፣ በሩ ጋ ሁለት፣ አንዱ ዓምዱን ተደግፎ።»

«ሶላት ላይ ሰው ስትቆጥር ነበር?»

«ከሰላምታ በኋላ ነው የቆጠርኩት» አለ ሳይደናገጥ። ወደ ፍየሏ ሄዶ ጎንበስ አለ። አንድ ቋጠሮ ፈታ። ሁለተኛ ፈታ። ሦስተኛውን በጥርሱ ያዘ። አምስተኛው ላይ ሲደርስ ቀና አለና በሙሉ ፊቱ ፈገግ አለ።

«ፍየሏን ማን አሰራት?»

«እኔ ነኛ።»

«በአምስት ቋጠሮ?»

«ብታመልጥስ?»

«ማሽኑ ላይ በእያንዳንዱ ማዕዘን አምስት አምስት ቋጠሮ ነበር እታለም። በዚህ ሰፈር እንዲህ የሚያስር ሰው አንድ ብቻ ነው።» ፍየሏን ይዞ ወደ በሩ ሄደና ዞር አለ። «ነገ መጥቼ እንነጋገራለን። መሐላ ትልቅ ነገር አይደለም እንዴ?»

ዝናቡ ከዐስር ሶላት በኋላ ወረደ፤ ያውም በደንብ። ሪሀና ለመግሪብ ጥቂት ሲቀር በስብሳ ገባች። ፊቷ ላይ የማሽላ ገለባ ተለጥፏል፤ ከዓመት በዓል ይልቅ ደስ ብሏታል። የመጨረሻው ጆንያ ቤት ሲገባ የመጀመሪያው ጠብታ ወደቀ አለችኝ። ዓዲላ እጇን ይዘው መርቀዋታል፣ ጫኞቹንም ሁሉ መርቀዋል።

«አሚን» አልኩ።

ሪሀና ወደ ተሳቢዋ ተመለሰች። አንድ ነገር በሁለት እጇ አቅፋ መጣችና ፊቴ አስቀመጠችው። ሙቀጫው ነበር።

«እማ፣ ሙቀጫችን ጨፋ ምን ሊሠራ ሄደ?»

ከግንዶቹ ጋር በጥድፊያ ወርውሬው ኖሯል። ምን ይባላል? «ግንዶቹ ቢፈነቀሉ መጠባበቂያ ነው» አልኩ።

መጀመሪያ አፏን በእጇ ያዘች፤ ትከሻዋ ይንቀጠቀጣል። ሳቋን ጨርሳ ስታበቃ ግን ፊቷ ጠቆረ። ያስታወሰችውን ዐወቅኩ።

«ሞተሩ አንድ ስንዝር አልፎ ነበር» አለች ቀስ ብላ። «ስድስቱ አንድም ቀን እንዲያ አድርገው አያውቁም። በጣም ጥሩ አጫጫን ነው እማ። ነገ ትሸጪዋለሽ ማለት ነው?»

«ልብስሽን ቀይሪ፤ ሳንባሽን ይመታሽና ደግሞ ሌላ ጣጣ» አልኳት። እኔ ወደ መስጊዱ ኡስታዝ መልእክት ልኬ ነበር፤ ግን ነገር ሳይሆን በፊት መናገር አልወድም፤ ቢበላሽስ?

ቅዳሜ ረፋዱ ላይ ጀሚል መጣ። ግቢያችን ምንጣፍ ተነጥፎበታል፤ ሰሊማ ድስቱን ታማስላለች፤ ከመስጊዱ የመጡ ደረሶች፣ ቁርኣን ሊማሩ ከገጠር ቤታቸውን ትተው የመጡት፣ እጃቸውን ይታጠባሉ። ሪሀና ሳህን እያደለች በከንፈሯ ስትቆጥር አየኋት። አሥር ላይ ደርሳ ቆመች፤ ወደ እኔ ዞረች፤ ዓይኗ ተከፈተ። ልጄ ናት፤ ወላሂ ብሎ የማለ ሰው መሐላው ሲፈርስ አሥር ሚስኪን እንደሚያበላ ታውቃለች።

«እታለም፣ ድግስ አለ እንዴ?» አለ ጀሚል። «ለማሽኑ መሸኛ ነው?»

«ለመሐላዬ ነው» አልኩት። «ቁጭ በል። የማልኩት በአላህ ነው፣ በአንተ ስም አይደለም፤ እሱ ደግሞ መውጫውን አብሮ ነግሮናል። ከማልኩበት የሚሻል ነገር ሳይ፣ የሚሻለውን አደረግኩ፤ ለመሐላው አሥር ሰው አበላሁ። ማሽኑ አይሸጥም።»

ጀሚል ምንጣፉን ዳር እስከ ዳር አየ። ነጋዴ ነውና ቆጠራ አያመልጠውም። «አሥራ ሦስት ናቸው» አለ። «ኡስታዙ የሚያስተምሩት አሥር ነው።»

«ሦስቱ መጠባበቂያ ናቸው።»

«የምን መጠባበቂያ?»

ድምፄን ዝቅ አደረግኩ። «ከአሥሩ አንዱ ድሃ ባይሆንስ? ያ ጥጉ ላይ ያለው ጫማው አዲስ ነው። ደግሞ አንዱ ሆዱን ቢያመውና ሳይጠግብ ቢነሳስ?»

ጀሚል ሊናገር አፉን ከፈተ፤ ያሰበው ሌላ ነበር መሰለኝ፤ ሳቅ ሆኖ ወጣ። እስኪያስለው ሳቀ። ከዚያ ጫማውን አወለቀና ባለ አዲስ ጫማው ደረሳ አጠገብ ተቀመጠ።

«ሳህን አምጪልኝ ሪሀና» አለ። «አሥራ አራት ይሁን።»

«ብላ» አልኩት። «አንተ ግን አትቆጠርም።»

በልተው ዱዓ አደረጉልን። ባለ አዲስ ጫማው ሲወጣ ጫማው የወንድሙ እንደሆነና ለጁምዓ ተውሶት እንዳልመለሰ ሰማሁ። ቆጠራዬ በመጨረሻ ሞላ።

በሚቀጥለው ሳምንት ማሽኑ ወደ ሰንበቴ ነበር የሚሄደው። ሪሀና ጠዋት ተነስታ ጣውላዎቿን አጋደመች፣ ካቦውን ሳበች። ስድስቱን አልጠራችም፤ እኔም ጥሪ አላልኳትም። ኩሽና ቆይቼ፣ ከኩሽና በመስኮት አይቼ፣ መስኮቱ ስላልበቃኝ ወጣሁ። ሁለት ድንጋይ ብቻ ነበር ያስቀመጠችው።

የቀሩትን ስምንት ድንጋዮች እያመላለስኩ ሳለ ዊንቹን ለቀቀችና ሌባ ጣቷን ወደ ሰማይ አነሳች። «እማ፣ አንቺም ከእንግዲህ ብቻሽን እንዳትጭኚ እኔ ልማል። ወላ...»

ድንጋዩን ጥዬ አፏን በመዳፌ ከደንኩት። «በዚህ ቤት ከእንግዲህ ማንም አይምልም። አሥራ ሦስት ሰው በየሳምንቱ ከየት ላምጣ?»

ከማዶ ጀሚል አገጩን በመዳፉ ደግፎ ተቀምጧል፤ ፍየሏ አጠገቡ በአንድ ቋጠሮ ታስራለች።

«ሪሀና» ብሎ ተጣራ፣ «ዛሬ ስንት ሰው ነው የሚጭነው?»

«አንድ» አለች፣ እጀታውን እየያዘች።

«እናትሽስ?»

«እሷ አትቆጠርም።»

ቀጭ፣ ቀጭ አለ ዊንቹ። እኔ መልስ አልሰጠሁም፤ አምስተኛው ጎማ ከኋላው ድንጋይ አልነበረውም፣ ሙቀጫውም ገና ከኩሽና አልወጣም።